ከእግሩ በፊት መንገዱን እዪ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ከጭቃ የሰው ፊት ማበጀት እንደምትወጂ፣ ፊልም ስታዪም ከታሪኩ ይልቅ የተዋናዩ ቁስል በምን እንደተሠራ መጠየቅ እንደሚቀናሽ እናትሽ ነግራኛለች። አሁን ደግሞ «ሙያዬ ሰው ሠራሽ አካል መሥራት ይሁን» ብለሻል አሉ፤ ለቴአትርና ለፊልም የሚሆነውንም፣ አካሉን ላጣ ሰው የሚሆነውንም። እኔ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያደግሁ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስሁት በጄሶ አቧራ ውስጥ ነው። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ኦርቶፔዲክ ቴክኒሻን ተብዬ ብጻፍም ያገሬ ሰው የሚያውቀኝ «እግር ሠሪው» እያለ ነው። ፊልም አልሠራሁም፤ ስለ ፊልሙ የምነግርሽ በማየትና በማንበብ ያገኘሁትን ነው።

ምክሬን በቁጥር ያስቀመጥሁልሽ እየመላለስሽ እንድታነቢው ነው። ሁሉም የሚነሣው ግን ከአንድ ነገር ነው፤ የምትሠሪው አካል የሚውልበትን ቦታ ሳታዪ ሥራ አትጀምሪ። ካሜራ ፊት የሚውል አፍንጫ፣ መድረክ ላይ የሚውል አፍንጫና ገበያ የሚውል አፍንጫ ሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው።

1. ከእግሩ በፊት መንገዱን ጠይቂ።

አንድ ሰው እግሩን አጥቶ ሲመጣልሽ ሜትር ለማውጣት አትቸኩዪ። ቀኑን የት እንደሚውል አስቀድመሽ ጠይቂው። የፍኖተ ሰላም ባለሱቅ ከሆነ በሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሞ ይውላል። የወምበርማ ገበሬ ከሆነ ክረምት ሲገባ ዕርፍ ጨብጦ ጭቃ ውስጥ ይሄዳል፤ አንዱ እግሩ ትልሙ ውስጥ፣ ሌላው ከትልሙ በላይ ነው፤ እርጥቡ አፈር በየእርምጃው እግሩን ይይዝበታል። የእሱ እግር ማሰሪያው የጠነከረ፣ መታጠቡም የቀለለ መሆን አለበት። ቤቱ ሲገባ የሚቀመጠው በርጩማ ወይም መደብ ላይ ነው። የቀረው ቅልጥሙ የሚገባበት ሶኬት ከኋላ በኩል ከፍ ብሎ ከተቆረጠ ጉልበቱ ሲታጠፍ ሥጋውን ይቆነጥጠዋል፤ ስግደቱም ይቀርበታል።

ከሁሉ በላይ የቤተ ክርስቲያኑን ነገር አትርሺ። ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው ከጫማ ጋር ነው። ባለሙያው እግሩን ሲያቆም የጫማውን ተረከዝ ከፍታ አስቦ ነው። ሰውየው ቅጥሩ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ ተረከዙ ዝቅ ይላል፣ ቅልጥሙ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ጉልበቱም ወደ ኋላ ይገፋል። መቋሚያ ቢይዝም እንኳ ቅዳሴውን ሙሉ እንደዚያ መቆም ስቃይ ነው። ከውጭ የመጣ መማሪያ መጽሐፍ ስለ ቅዳሴ አይነግርሽም፤ አንቺ ግን የዚህ አገር ልጅ ነሽና ልታውቂው ይገባል። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ የተረከዙን ከፍታ ያህል ከቆዳ ወይም ከጠጣር ስፖንጅ ሽብልቅ ቆርጠሽ ካልሲው ውስጥ ከተረከዙ ሥር እንዲያስገባው አድርጊለት። «ይህ እግር ራሱ ጫማ አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጨነቅ ካለ ነገሩን ለንስሐ አባቱ ተዪው። የአንቺ ድርሻ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማድረግ ነው።

2. የእጅ ባለሙያን ዕውቀት አትናቂ።

ይህን የመንገድ ነገር አስቀድመው ከተረዱት ሰዎች መካከል ሁለቱ በሕንድ የጃይፑር ከተማ ነበሩ። አንዱ ዶክተር ፕራሞድ ካራን ሴቲ የሚባል ሐኪም፣ ሌላው ራም ቻንድራ ሻርማ የሚባል፣ ቀለም እምብዛም ያልቆጠረ ቀራፂ ነው። ከምዕራብ አገር የሚመጣው እግር ጫማ ካላጠለቀ የማይሄድ ነበር። የሕንድ ገበሬ ግን ባዶ እግሩን ሩዝ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ቁጢጥ ይላል፣ መሬት ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ቤተ መቅደስ ሲገባም ጫማውን ያወልቃል። እንደኛው ማለት ነው። ሻርማ የብስክሌቱን ጎማ ሊያስጠግን በሄደበት ሱቅ የመኪና ጎማ ሲታደስ አይቶ፣ ከዚያው ከጎማው እግር ማበጀት እንደሚቻል አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው «የጃይፑር እግር» ባዶውን የሚረገጥ፣ ውሃ የማይፈራ፣ የሰው እግር የሚመስል ሆነ። ሐኪሙ የአጥንትና የጅማቱን ሕግ ያውቃል፤ ቀራፂው ዕቃው ምን ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይቀመጡ ኖሮ እግሩ አይገኝም ነበር።

ስለዚህ ሙያውን ለመማር ባሕር ዳር ከመሄድሽ በፊት የአካባቢሽን ሰዎች ሥራ እዪ። ከዋንዛ እንጨት በርጩማ የሚጠርበው ሰው መሮውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ኮርቻ ሠሪው ቆዳውን አርጥቦ እንዴት እንደሚወጥር፣ ጎማ ጫማ ሰፊው ጎማውን በየት በኩል እንደሚቆርጥ ተመልከቺ። ወደ ሰው ሠራሽ አካል መሥሪያ ክፍል ስትገቢ የምታገኚው እንጨት፣ ቆዳ፣ ጎማና ፕላስቲክ ነው። ምድጃውና የአየር መሳቢያው ቢጨመርበትም እጁ ያው እጅ ነው።

3. ጄሶ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አደጋም አለው።

ከጉልበት በታች የሚሠራ እግር እንዴት እንደሚወጣ ባጭሩ ልንገርሽ። መጀመሪያ የቀረውን ቅልጥም በእጅሽ ትዳብሺዋለሽ፤ አጥንቱ የት እንደሚወጣ፣ ሥጋው የት እንደሚለሰልስ፣ ጠባሳው የት እንዳለ። በማይለቅ እርሳስ ምልክት አድርገሽ የጄሶ ፋሻ ትጠቀልይበታለሽ። ሲደርቅ ታወጪውና ውስጡን በጄሶ ትሞዪዋለሽ፤ የሰውየው ቅልጥም በጄሶ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ሙያው። ያንን ቅርጽ እንዳለ ብትገለብጪው ሰውየው አይራመድበትም። ክብደት መሸከም በሚችለው ቦታ፣ ለምሳሌ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ባለው ጅማት ላይ፣ ጄሶውን በሞረድ ትቀንሺለታለሽ። ክብደት በማይችለው ቦታ፣ በአጥንቱ ስለትና በጫፉ ላይ፣ ጄሶ ትጨምሪለታለሽ። አንድ ሚሊሜትር ቢበዛ ወይም ቢያንስ በቡሬ መንገድ ላይ ቁስል ይሆናል። ከዚያ የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ምድጃ ውስጥ ይለሰልስና በጄሶው ላይ ይለበጣል፤ አየሩ በመሳቢያ ሲወጣ ፕላስቲኩ ጄሶውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል።

ይህን የፖሊፕሮፒሊን ስልት ያስፋፋው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለሙያዎችም አዲስ አበባ ላይ ሠልጥነውበታል። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ እንደ እንጨትና ቆዳ በእርጥበት አይበሰብስም፣ ሲበላሽ በቀላሉ ይጠገናል። ለእኛ ክረምት የተፈጠረ ይመስላል።

አደጋውን ልንገርሽ። ጄሶ ሲደርቅ ይግላል። በቀጭን ፋሻ ከሆነ ሙቀቱ ለብ ያለ ነው፤ በወፍራም ክምር ውስጥ ግን ሥጋ ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ አገር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ለሥነ ጥበብ ትምህርት እጆቿን ባልዲ ጄሶ ውስጥ ነክራ አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች። ስለዚህ እጅ ወይም እግር በጄሶ ባልዲ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይነከር። የሰው ፊት ቅርጽ ስትወስጂ ደግሞ አፍንጫውን አትድፈኚ፤ ከአጠገቡም አትራቂ፤ መናገር ስለማይችል በእጁ ምልክት እንዲሰጥሽ አስቀድመሽ ተስማሚ። መጀመሪያ በቀጭን የጄሶ ፋሻ የሰው እጅ ላይ ደጋግመሽ ተለማመጂ፤ ፊት ከብዙ ልምምድ በኋላ ይመጣል።

4. ብርሃኑንና ርቀቱን ለኪ።

ፊት መሥራት ስትጀምሪ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ «ማን ነው የሚያየው? ከምን ያህል ርቀት? በምን ብርሃን?» ብለሽ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን ብሔራዊ ቴአትር አስቢ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው የተዋናዩን ሽብሽብ የሚያየው መስመሩ ደመቅ ብሎ ከተሠመረ ብቻ ነው። ያንኑ መስመር ካሜራ ፊት ብታደርጊው የልጅ ሥዕል ይሆናል፤ ሌንሱ የቆዳ ቀዳዳ ሳይቀር ያያል። ለፊልም ሲሆን ፊት ላይ የሚለጠፈው የሲሊኮን ጠርዝ እስኪጠፋ መሳሳት አለበት።

ለታማሚ ሲሆን ከሁሉም ይከብዳል። እሱን ልጁ ከእቅፍ ርቀት ያየዋል፤ ጎረቤቱ ገበያ ላይ በጠራራ ፀሐይ ያየዋል፤ ሚስቱ ማታ በኩራዝ ታየዋለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፍራንሲስ ደርዌንት ዉድ የተባለ ቀራፂ ለንደን ውስጥ፣ አና ኮልማን ላድ የተባለች ቀራፂ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1917 መጨረሻ ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ፣ ፊታቸው ለፈረሰ ወታደሮች ከስስ መዳብ ጭምብል ይሠሩ ነበር። ላድ ቀለሙን የምትቀባው ሰውየው ጭምብሉን አጥልቆ ሳለ ነበር። በደመና ቀን የሚስማማው ቀለም በፀሐይ ስለሚገረጣ፣ ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ቀለም ትፈልግ ነበር። ይህን ብልሃቷን ያዢ። የጭምብሉንም ጉድለት እወቂ፤ መዳብ አይስቅም፣ አያረጅም። ሰውየው ሲሸመግል ጭምብሉ ወጣት ሆኖ ይቀራል።

ስለ እኛ ቆዳ አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የሚመጣ ቀለም ብዙ ጊዜ የታሰበው ለነጭ ቆዳ ነው። የኛ ሰው ቆዳ አንድ ቡናማ ቀለም አይደለም፤ ከሥሩ ቀይም ቢጫም አለበት፣ የጣት አንጓው ይጠቁራል፣ መዳፉ ይነጣል። ገበሬ ደግሞ ፊቱ ፀሐይ የበላው፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ ነው። ልሙጥና የሚያብለጨልጭ እግር ብትሰጪው ከሩቅ የሚታይ ውሸት ይሆናል። ለጆሮና ለአፍንጫ የሚሆነውን ሲሊኮን ከላይ አትቀቢው፤ ቀለሙን ከውስጥ በንብርብር ቀይጪው። እንዲያም ሆኖ ፀሐይ ያነጣዋል፤ በዓመት በሁለት ዓመት እንደሚታደስ ለባለቤቱ ከመጀመሪያው ንገሪው።

ለልምምድ ግን ሲሊኮን አያስፈልግሽም። ጄላቲን፣ ግሊሰሪንና ውሃ አሙቀሽ በጄሶ ቅርጽ ውስጥ ብታፈሺው ጥሩ ጠባሳ ይወጣል። ጄላቲን ሙቀት አይችልም፤ በብር ሸለቆ ፀሐይ ቀረጻ ከሆነ ትዕይንቱ ሳያልቅ ይቀልጥብሻል። ይህም ያው ቦታውን የማየት ነገር ነው።

5. ቁስሉን ጠይቂ፤ ወገኑን አትጠይቂ።

በዘመናችን ከሚመጣልሽ ሰው ብዙው በጥይት ወይም በፈንጂ የተጎዳ ይሆናል። የየትኛው ወገን እንደነበረ፣ ማን እንደመታው፣ የት ላይ እንደወደቀ አትጠይቂ። ለሥራሽ የሚያስፈልግሽ መቼ እንደተቆረጠ፣ ቁስሉ መድረቅ አለመድረቁ፣ የት ላይ እንደሚያመው ነው። ትናንት የተታኮሱ ሁለት ሰዎች ዛሬ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጥንድ የብረት ድጋፍ መካከል መራመድ ሲማሩ ታያለሽ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም የተወጋ ነው። ራሱ ሊነግርሽ ከፈለገ ስሚው፤ የሰማሽውን ወደ ውጭ አታውጪ።

አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሌለው እግሩ ጣት እንደሚያሳክከው ወይም እንደሚያቃጥለው ይነግርሻል። ቤተሰቡ መንፈስ ነው ብሎት፣ ወይም የተቆረጠው እግር በደንብ ስላልተቀበረ ነው ብሎት ይሆናል። አትሳቂ፤ አትደንግጪም። እግሩ ቢቆረጥም አንጎሉ እግሩን እንዳልረሳ፣ ይህ ነገር እግራቸው በተቆረጠ ብዙ ሰዎች ላይ የሚደርስ መሆኑን አስረጂው። አምብሯዝ ፓሬ የተባለ የፈረንሳይ ቀዶ ሐኪም በ16ኛው መቶ ዓመት ጽፎታል። እብደት አለመሆኑን ማወቁ ብቻ እንቅልፍ የሚሰጠው ሰው አለ።

6. ወጌሻውን ወዳጅ አድርጊ።

በአገራችን ልጆች እጅና እግራቸውን ከሚያጡበት ምክንያት አንዱ ከውጭ የመጣ አይደለም። ልጁ ከዛፍ ይወድቃል፣ ክንዱ ይሰበራል፣ ወጌሻው በቀርከሃ አጥብቆ ያስራል። ክንዱ ያብጣል፣ ማሰሪያው አይሰፋም፣ ደም መዝለቁን ያቆማል። በቀናት ውስጥ እጁ ይጠቁርና ሐኪም ቤት ሲደርስ ከመቁረጥ በቀር ሌላ መንገድ አይኖርም። ሐኪሞቻችን ይህን ደጋግመው ጽፈዋል።

ወጌሻውን ብትሰድቢው ሕዝቡ አንቺን ይተውሻል እንጂ እሱን አይተወውም፤ ሌሊት የሚደረስለት እሱ ነው፣ ብዙ ሰውም አሽሎ ሰድዷል። ስለዚህ በአክብሮት «አባቴ» ብለሽ ቀርበሽ አነጋግሪው። ከታሰረው በታች ያሉት ጣቶች ሁልጊዜ እንዲታዩ ይተዋቸው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ወዲያው ይፍታውና ወደ ሐኪም ቤት ይላከው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ወጌሻ እኔና አንቺ ከምንሠራው እግር የበለጠ እግር ያድናል። እግር ሠሪ ሥራው እንዲበዛለት አይመኝም።

ስለ ጫማም እንዲሁ። ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ የሚያመጣው የእግር እብጠት፣ ሕዝባችን ዝሆኔ የሚለው፣ በጎጃም ደጋ ብዙ ሰው ከገበያና ከማኅበር አርቋል። የሥጋ ደዌ ያደነዘዘው እግርም እሾህ ሲወጋው አይሰማውም። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ካስተማረን ነገር አንዱ፣ ለደነዘዘ እግር የተሠራ ጫማ እግሩን ከመቆረጥ እንደሚያተርፍ ነው። ጫማ መሥራትን ከሙያሽ ውጭ አድርገሽ አትቁጠሪ።

7. በጠባሳ ክፋትን አታሳዪ።

ፊልም ስትሠሪ ዳይሬክተሩ «ይህ ሰው ክፉ ስለሆነ ፊቱ ላይ ጠባሳ አድርጊለት» ሊልሽ ይችላል። «አይሆንም» የማለት አቅም ባይኖርሽ እንኳ «ለምን?» ብለሽ ጠይቂው። አንካሳውን ቀማኛ፣ ፊተ ጎዶሎውን ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ያየ ልጅ፣ ነገ መንገድ ላይ ጠባሳ ያለበትን ሰው ሲያይ ይሸሻል። አንቺ ጧት የምትሠሪለት ታማሚ ማታ ያንን ፊልም ከልጆቹ ጋር ሊያየው ይችላል።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አግኝተሽ እዪው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው። ዋናው ባለታሪክ አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። እግሩን ያጣበት ታሪክ ከአብዮቱና ከስደቱ ትዝታ ጋር ቀስ እያለ ነው የሚገለጥልን። ጉድለቱ የሰውየው ባሕርይ መለኪያ አልሆነም፤ ያለፈበት ዘመን ምስክር ሆነ እንጂ። አካል ጉዳት በፊልም ውስጥ ቦታ ሊኖረው የሚገባው እንዲህ ሆኖ ነው።

ደግሞም እጅ የሌለው ሰው በድርሰቱ ውስጥ ካለ፣ ላቴክስ ከማዘጋጀትሽ በፊት ያንን ክፍል በእውነት እጁን ያጣ ሰው ሊጫወተው ይችል እንደሆነ ጠይቂ። ሃሮልድ ራስል ሁለት እጆቹን በወታደርነቱ ሳለ በፍንዳታ አጣ። እ.ኤ.አ. በ1946 በወጣ የአሜሪካ ፊልም ላይ እጆቹን በተኩት የብረት ሜንጦዎቹ ክብሪት እየጫረ ተጫወተና ለአንድ ሚና ሁለት ኦስካር ተሸለመ። ሥራ ሊያስቀርብሽ ይችላል፤ ቢሆንም ጠይቂ።

8. የሥራሽ ምስጋና መረሳቱ ነው።

«ዘ ኤክሶርሲስት» በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው ፊልም ላይ ሽማግሌውን ቄስ የተጫወተው ማክስ ፎን ሲዶ ያኔ የ44 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ያንን ሽምግልና በፊቱ ላይ የሠራው ዲክ ስሚዝ የተባለ የሜካፕ ባለሙያ ነው። ስሚዝ አንድ ወጥ ጭምብል አያለብስም ነበር፤ ላቴክሱን በብዙ ትንንሽ ቁራጭ እየደራረበ ይለጥፍ ነበር፤ ስለዚህ ፊቱ ከሥሩ ይንቀሳቀስ ነበር። በዚያ ፊልም ሰው ሁሉ ስለ ሰይጣን ያደረባት ልጅ ፊት ሲያወራ የቄሱን ፊት ማንም ሜካፕ ነው ብሎ አላሰበም። ከፍተኛው ሥራ ያ ነበር።

በእግር ሥራም እንዲሁ ነው። እግሩን የሰጠሽው ሰው ከወራት በኋላ ገበያ ላይ አልፎሽ ቢሄድና ሳያይሽ ቢቀር ደስ ይበልሽ፤ ሐሳቡ በርበሬው ዋጋ ላይ እንጂ እግሩ ላይ አይደለም ማለት ነው። ስም ለማግኘት ከሆነ የመጣሽው፣ ሌላ ሙያ ፈልጊ። ለጃይፑሩ እግር እ.ኤ.አ. በ1981 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ሲሰጥ የተሸለመው ሐኪሙ ነው፤ ቀራፂው ሻርማ ሥራውን ቀጠለ። ፍትሕ ነው አልልሽም። የሠራሽውን በስምሽ መዝግቢ፣ ፎቶግራፉንም በባለቤቱ ፈቃድ አስቀምጪ፤ ምስጋናውን ግን እየጠበቅሽ አትሥሪ።

9. ሰው ይለወጣል፤ ቀጠሮ ስጪ።

አዲስ የተቆረጠ እግር በመጀመሪያዎቹ ወራት ይከሳል። ትናንት ልክ የነበረው ሶኬት ዛሬ ይላላል፤ ሰውየውም ካልሲ ይደርባል፣ ኋላም ቁስል ያወጣል። ልጅ ደግሞ ያድጋል፤ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ አዲስ እግር ይፈልጋል። እናቱ ከሩቅ ቀበሌ ልጇን አዝላ መጥታ «በደንብ ይሄዳል» ብላሽ ከሄደች በኋላ ልጁ እስኪያነክስ አትመለስም። ቀኑን በወረቀት ላይ ጽፈሽ ብትሰጫት ወረቀቱ ይጠፋል። በምታውቀው ዘመን አቆጣጠር ንገሪያት፤ «የጥር ሥላሴ ሲያልፍ፣ እህሉ ከገባ በኋላ» በያት። በክረምት አትቅጠሪያት፤ ወንዙ ይሞላል፣ ጊዜውም የአረም ነው። ሲደርስም ዘመድ ጠይቂ፣ ስልክ ደውዪ፣ አስታውሺያት። መንገድ ተዘግቶ ያልመጣ ሰው ሲመጣ «ለምን ዘገየህ?» ብለሽ አትቆጪው።

10. የት እንደምትማሪ።

ለአካል ድጋፍ ሥራው ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ጎንደርና ደሴም እንዲሁ። ሄደሽ በፈቃደኝነት ጄሶ ለመበጥበጥና ወለል ለመጥረግ ጠይቂ፤ ከጠራጊነት የጀመረ ሁሉን ያያል። ከፍ ያለ ትምህርት ከፈለግሽ በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው ታትኮት የሚባል የኦርቶፔዲክ ቴክኖሎጂ ማሠልጠኛ አለ። ለዚህ እንግሊዝኛና ፊዚክስ ያስፈልግሻል፤ አሁኑኑ ጀምሪ።

ለፊት ሥራ ደግሞ የጥርስ ላቦራቶሪ አትለፊ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመስታወት ዓይን ከጀርመን መምጣቱ ሲቋረጥ፣ ለጥርስ ከሚሠሩበት አክሪሊክ ሰው ሠራሽ ዓይን የሠሩት የአሜሪካ ጦር የጥርስ ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬም ሰው ሠራሽ ዓይን በብዛት የሚሠራው ከዚሁ አክሪሊክ ነው። ለቴአትሩና ለፊልሙ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል አለ፤ ግን ሁለቱን አትነጣጥዪ። የፊልም ሥራ ወቅት አለው፤ ሥራ በጠፋ ወር እጅሽ ታማሚ ጋ ይዋል። ታማሚ ላይ የተማርሽው የአጥንት ዕውቀት ፊልም ላይ ሽማግሌሽን ያሳምረዋል፤ ፊልም ላይ የተማርሽው የቀለም ዕውቀት ደግሞ የአንዲትን ሴት ጆሮ ከመሐረብ ሥር ያወጣዋል። ገንዘቡ ከፊልሙ ሊበልጥ ይችላል፤ ከዚያ ባገኘሽው ለልጅ የሚሆን ሲሊኮን ግዢ።

11. የመጀመሪያ ሥራሽ።

እስካሁን የነገርሁሽ ሁሉ ጆሮሽ ላይ እንዳይቀር አንድ ሥራ ልስጥሽ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ቀን ውጪና ከመንገዱ ዳር ተቀመጪ። እግር ብቻ እዪ። ሸክም የያዘች ሴት ስትሄድ የትኛው እግሯ ቀድሞ ያርፋል? አህያ የሚነዳው ሰው ኮረብታውን ሲወጣ ተረከዙን ይረግጣል ወይስ ጣቱን? ሽማግሌው ከምርኩዙ ጋር ክብደቱን እንዴት ይካፈላል? ባዶ እግሩን የሚሄደውና ጎማ ጫማ ያጠለቀው ልዩነታቸው ምንድን ነው? ቢያንስ ከሦስት ገበያ በኋላ ያየሽውን በደብተር ጽፈሽና ሥለሽ ላኪልኝ። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ እውነት ይሁን። እሱን ካየሁ በኋላ ለባሕር ዳሩ ማዕከል የማቀርብልሽን የምስክርነት ቃል በእጄ እጽፋለሁ፤ የመጀመሪያውንም ከረጢት ጄሶ እኔ እገዛልሻለሁ።

አጎትሽ፣ እግር ሠሪው።